መስመር ላይ ይቆዩኝ

በስቱዲዮአችን ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አድማጭ ደውሎ መስመር ላይ ሲጠብቅ ትበራለች፤ እሱ ሲዘጋ ወይም እኛ ስንዘጋበት ትጠፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። እኔ ግን ከእሷ የተነሣ ቤቴ ውስጥ ቀይ መብራት ማየት አልችልም። የቴሌቪዥኑን በፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ደግሞ በጨርቅ እሸፍናለሁ። ሚስቴ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ጨርቁ ሲወድቅ እሷው ራሷ ታነሣዋለች።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንዳንዶቻችሁ ድምፄን ታውቁት ይሆናል። አርባ ምንጭና ዙሪያዋ ላይ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስሜን ግን አልጽፍም። የጣቢያውንም ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የጣቢያው አልነበረም።

የተወለድኩት ጋሞ ውስጥ፣ ካምባ ነው። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ኮሌጅ የገባሁ ሰሞን፣ ተነሥቼ ራሴን ሳስተዋውቅ፣ የሆነች ቃል ተሳሳትኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቃሏ ምን እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም። ሳቁን ግን ማን በየት በኩል እንደሳቀ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መዝገበ ቃላት እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዤ ዞርኩ። ሳቅ የደረሰበት ሰው በሌላው ላይ ሲሳቅ ያዝናል ትሉ ይሆናል። እኔ አላዘንኩም፤ ወደ ሳቂዎቹ ተሻገርኩ።

አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። «መምህራኖች» የሚል ሰው ስሰማ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኝ ነበር። መምህራን ብሎ መጨረስ ሲቻል ያችን «ኖች» ምን አመጣት? ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ዓሣ ቤት ግድግዳው ላይ «አሳ ጉላሽ» ብሎ ጽፎ፣ ባለቤቱን ጠርቼ «ዓሣ ብለህ ካላረምከው ሁለተኛ እግሬ እዚህ አይረግጥም» አልኩት። ምስኪን፣ ቀለም ገዝቶ አስተካከለው። በሳምንቱ ደግሞ ከሥሩ «ጥብሥ» ብሎ ጨመረበት። እያማረርኩም ቢሆን ምሳዬን እዚያው መብላቴን አልተውኩም።

እንዲህ ያለውን ሰው ሬዲዮ ካልቀጠረው ማን ይቀጥረዋል? ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት ወጥቼ «ቃላችንን እናርም» የሚል ፕሮግራም ጀመርኩ። በሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ይተላለፋል፤ በዚያው ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደገማል። አድማጮች እየደወሉ የሚያናድዳቸውን የቋንቋ ስሕተት ይናገራሉ። አንዱ በባጃጅ ላይ የተጻፈ ጥቅስ አንጀቱን ያሳርረዋል፤ አንዷ አለቃዋ በስብሰባ ላይ በሚደጋግማት ቃል ራሷን ያማታል። መፈክሬ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» የሚለው ተረት ነበር። ሰው ይህን ፕሮግራም ይወድደው ነበር። በተለይ የወደደው ደግሞ፣ አንድ የገጠር ሰው ይደውልና ራሱ ሲሳሳት፣ እኔ እዚያው በአየር ላይ ሳርመው ነው። ለዚያ የሚሆን የሳቅ ድምፅ ነበረን። ቴክኒሻኗ ሰናይት አንዲት ቁልፍ ስትነካ ሃምሳ ሰው የሚያህል ይስቃል።

ሚያዝያ ነበር። ከተማው ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ በምዕራብ በኩል ግን ጋራዎቹ ጥቁር ደመና ተከናንበዋል። የአርባ ምንጭ ሰው ያውቀዋል፤ ኩልፎ ወንዝ የሚሞላው በእኛ ዝናብ አይደለም። ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ እኛ ጥላ ይዘን ከፀሐይ ስንሸሽ ውሃው ሳይታሰብ ከች ይላል። ይህን አውቃለሁ። ወደ ስቱዲዮ ስገባ ደመናውን አይቼዋለሁ። ያየሁትን ግን ልብ አላልኩትም።

ፕሮግራሙ በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ቀይዋ መብራት በራች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ሳሮ፣ ሳሮ» አለች አንዲት ሴት። ሳሮ በእኛ ሰላም ማለት ነው። ከጀርባዋ ነፋስ ይጮኻል፤ ዳገት የወጣች ሰው ትንፋሽ ትተነፍሳለች። «ቦጋለች ነኝ። እንደምን አደራችሁ? ቤቱ ደህና ናት? ልጁ ደህና ናት? ሬዲዮ የምትሠሩ፣ ሬዲዮ የምትሰሙ፣ ሁላችሁ ደህና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን እናቴ። ከየት ነው?»

«ከደጋ። ከላይ።» ትንፋሿን ሳበች። «ወንድሜ፣ አንቺ ደህና ነሽ ወይ?»

ሰናይት ከመስተዋቱ ወዲያ ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። እኔም እንደ ዘፋኝ ድምፄን አሳመርኩ።

«ይቅርታ ላቋርጥዎትና እናቴ፣ ጢሜን ዛሬ ጠዋት ነው የተላጨሁት። አንቺ ካሉኝ እኮ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም!»

ሃምሳ ሰው ሳቀ።

በዚህ ብቻ ብተው ምን ነበረበት? አልተውኩም። ለወንድ እንዴት እንደሚባል፣ ለሴት እንዴት እንደሚባል አስረዳሁ። «ቤቱ ደህና ናት» ያለችውንም አነሣሁባት። ከዚያ «እስቲ ከእኔ ጋር ይበሉ፤ ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ?» አልኳት።

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ቆይታ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ» አለች።

«ጎበዝ! አዩ፣ ቀላል ነው እኮ!» ሳቁ ደገመ። «እንግዲህ እናቴ፣ መስመር ላይ ይቆዩኝ። አንድ ዘፈን ሰምተን እንመለሳለን።»

«እሺ» አለች። «እቆያለሁ።»

ዘፈኑ እየሄደ ሳለ በሌላው መስመር አንድ የማውቀው ጠበቃ ደወለ። በየፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ስለሚያያቸው ስሕተቶች ሊናገር ነው። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ከእሱ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል። አስቀደምኩት። ሰናይት በጆሮ ማዳመጫው «ሴትዮዋ አሁንም አለች» አለችኝ። በእጄ «ትቆይ» የሚል ምልክት ሰጠኋት። ጠበቃው ሌላ አነሣ፣ እኔም ሌላ አነሣሁ፣ ሳቅን፣ ሰዓቱ አለቀ። የመሰናበቻው ሙዚቃ ገባ።

«አልዘጋችም እኮ» አለች ሰናይት።

«ለሚቀጥለው ሳምንት ትደውል። ዝጊው።»

ዘጋችው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ያቺ ሴት በዚያ መስመር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆማ ነበር። የሚያናድድ ስሕተት ልትነግረን ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። የመገመቱን ያህል መጠየቁ ቀላል ነበር።

ዓሣዬን እየበላሁ ነው ሰው ሲሮጥ ያየሁት። አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ «ኩልፎ ሞላ! የሙዙን እርሻ ወሰደው!» እያለ ያልፋል። እጄን እንኳን ሳልታጠብ መቅረጸ ድምፄን ይዤ ተነሣሁ። ጋዜጠኛ ነኝ አይደል፤ ደስ ያለኝ ነገር እንደነበረም አልዋሻችሁም። ዜና አገኘሁ ብዬ ነበር።

ወንዙ ዳር ስደርስ የማውቀው ቦታ የለም። ከዳር እስከ ዳር የሚንፈቀፈቅ ጭቃ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ሙዝ፣ የጋሪ ጎማ፣ የቤት ክዳን እየተገለባበጠ ይሄዳል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ቆመዋል። ከመካከላቸው ኤልያስ የሚባል ወጣት ጓደኞቹን በጣቱ ይቆጥራል፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ያቆምና እንደገና ይጀምራል። መቅረጸ ድምፄን ከፍቼ ተጠጋሁ። አፌን ሳልከፍት ግን አንድ የቀበሌ ሚሊሻ ቀደመኝ።

«ማነው የጎደለው?»

«ማሴቦ» አለ ኤልያስ። «ሰባት ነበርን። ማሴቦ የለም።»

«የት ነበር?»

«እዚያ፣ ማንጎው ሥር።» ወደ ውሃው መካከል ጠቆመ። አንድ ትልቅ ማንጎ ግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ሰጥሞ ቆሟል። «ለምሳ ወደ ላይ ስንወጣ ና አልነው። እናንተ ሂዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ አለ።»

«ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

«ሬዲዮውን።»

ሚሊሻው የሚቀለድበት መስሎት ተቆጣ። ኤልያስ ግን ዓይኑን ከማንጎው ላይ ሳያነሣ ቀጠለ።

«ሥራ ስንሠራ ሬዲዮ እንሰቅላለን፤ የድንጋይ ሬዲዮ ነች። አንዲት ሴት ደወለች። ሰላም ስትል ማሴቦ ዶማውን ጣለ። ‹ሚስቴ ነች! ቦጋለች ነች!› አለ። እኛ ሳቅንበት። ሬዲዮውም ሳቀ። ከዚያ ሰውየው ‹እንመለሳለን› አለ። ማሴቦ ምን አለ፣ ‹ሚስቴ በከንቱ አትደውልም፤ የሆነ ነገር አለ። ሰውየው እመለሳለሁ ብሏል› አለ። ፕሮግራሙ አለቀ። ማሴቦ ‹ከዜና በኋላ ይሆናል› አለ። እዚያው ቀረ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያ፣ ሰው የሚያርመው።»

መቅረጸ ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። ልብ በሉ፣ መልኬን እዚያ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድምፄን ግን ሁሉም ያውቀዋል። «እንደምን ዋላችሁ» ብል ማን መሆኔን ያውቃሉ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከሰዎቹ ጋር ፈለግኩ። አንዱ «አንተ፣ ገመዱን ያዝ!» ሲለኝ ያዝኩ። «ሳብ!» ሲለኝ ሳብኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ራሴን በመነቅነቅ መለስኩ። አንድ ሽማግሌ ጓደኛውን «ዲዳ ነው መሰል፣ ግን ጎበዝ ነው» ሲለው ሰማሁ። ያን ጊዜ እፎይ አልኩ፤ በዚህም ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

ውሃው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትንሽ ጋብ ሲል ሬዲዮውን ሰማነው። ማንጎው ላይ፣ ከውሃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በፕላስቲክ ገመድ እንደታሰረ ተሰቅሏል። ሰው የለም፤ እሱ ግን ይዘፍናል። ማስታወቂያ ያነባል። የሲሚንቶ ዋጋ ይናገራል። ዋናተኞቹ ሁለት ጊዜ ሞክረው ግንዱ ጋ መድረስ አልቻሉም። ከታች ደግሞ አዞ ከሐይቁ ሊወጣ ይችላል እየተባለ ሰው ይሳቀቅ ነበር። ቢሆንም ሁሉም በየመሃሉ ዞር እያለ ማንጎውን ያያል፤ ሬዲዮው እስካለ ማሴቦም በዚያው አካባቢ ያለ ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ይደገማል።

ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ሙዞቹ መሃል ገባሁ። ወደ ሰናይት ደወልኩ። ኔትዎርክ የለም። ከፍ ወዳለው ቦታ ወጣሁ፤ ወረድኩ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። «የዛሬውን ድጋሚ አታስተላልፊ» ብዬ መልእክት ጻፍኩ፤ አልሄደም አለ። እየሮጥኩ ብሄድ እደርስ ነበር ወይ? ምናልባት። ግን ስሄድ ቢያዩኝስ፣ ለምን ትሄዳለህ ቢሉኝስ እያልኩ ደቂቃዎቹን ፈጀኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት ያስጨነቀኝ ማሴቦ አልነበረም። ያስጨነቀኝ ድምፄ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የፕሮግራሙ መግቢያ ሙዚቃ በውሃው ላይ መጣ። ቀጥሎ እኔ መጣሁ። «እንደምን አረፈዳችሁ ውድ አድማጮቻችን፣ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል!» አልኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ደክሞት ተቀምጧል። አሥር ደቂቃ ያህል ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

ከዚያ «ሳሮ፣ ሳሮ» አለች።

ኤልያስ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። «ቤቱ ደህና ናት? ልጁ ደህና ናት? ሬዲዮ የምትሰሙ፣ ሁላችሁ ደህና ናችሁ?» አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ሳያስበው «ደህና» ብሎ መለሰላት። ቀጥሎ የእኔ ቀልድ መጣ። ቀጥሎ ሳቁ። ያ ሃምሳ ሰው በዚያ ባዶ ውሃ ላይ፣ ከዚያ ዛፍ ላይ፣ ሳቀ። ሴትዮዋ ከእኔ ጋር ትምህርቷን ደገመች፤ እንደገና ሳቁ። «መስመር ላይ ይቆዩኝ» አልኳት። «እሺ፣ እቆያለሁ» አለች። ዘፈኑ ገባ።

እኔ የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። ኤልያስ ግን እጁን አንሥቶ ሌሎቹን ዝም አሰኛቸው።

«እንስማ» አለ። «ከዘፈኑ በኋላ ትመለሳለች። ምን እንዳለች እንስማ።»

ስድስት ሰዎች፣ ሚሊሻውና ሽማግሌው ወደ ማንጎው ዞረው መጠበቅ ጀመሩ። ልክ እሱ እንደጠበቀው። ዘፈኑ ረጅም ነበር። መቻል አልቻልኩም።

«አትመለስም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ሽማግሌው «ይናገራል እንዴ!» አለ። ኤልያስ ግን ጆሮውን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ አንዴ ማንጎውን አንዴ እኔን አየ። ያን ጊዜ ሬዲዮው ላይ እኔና ጠበቃው መሳሳቅ ጀምረናል።

«አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ልትል ነበር?»

«አልጠየቅኋትም።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ማንም እጁን አላነሣብኝም። ኤልያስ መጥቶ ከእግሬ ሥር የነበረውን ገመድ አንሥቶ ጠቀለለውና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ሬዲዮው ድንጋዩ እስኪያልቅ ሲናገር ሰማሁት።

ማሴቦን በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት በኩል ሸምበቆ ውስጥ አገኙት። ወደ አገሩ ወደ ደጋ ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን እኔም ወደዚያው ወጣሁ። ብቻዬን ለመሄድ ወኔ ስላልነበረኝ ኤልያስን ለመንኩት፤ እሱም እሺ አለኝ። መንገድ ላይ ስለ ቦጋለች የሰማውን ነገረኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ኩልፎ ላይኛው በኩል የእንጨት ድልድዩን ሲገነጥለው አይታለች። ማሴቦ ስልክ የለውም፤ የእርሻው ኃላፊ ስልክ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ባሏ ከሬዲዮ እንደማይለይ ትዝ አላት። ከጎረቤት ስልክ ለምና፣ ኔትዎርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጣ ወጥታ፣ በየሳምንቱ የምንለፍፈውን ቁጥር ደወለች። ውሃው ታች ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበረው።

በእነ ማሴቦ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እርጥብ ሣር ቆርጬ በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የመጣን አይገፉም። የሆነውን ሁሉ በጋሞኛ ተናገርኩ፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ ያን ያህል በጋሞኛ ተናግሬ አላውቅም። ቃላት ጠፉኝ፤ አያያዙ ተምታታብኝ። ያረመኝ ሰው አልነበረም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የካምባ ልጅ ነኝ፣ አባቴ።»

«ዱቡሻ ላይ ተቀምጠህ አድገሃል?»

ዱቡሻ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አደባባይ ነው። አባቴ ከጎኑ አስቀምጦኝ አድጌአለሁ። አንድ ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ሰላሙን ይሰጣል፣ ይመርቃል፣ ቀጥሎ ጉዳዩን ይናገራል። ክፉ ወሬ ያለ ሰላም አይወረወርም። ሞኝም ቢሆን፣ ተብታባም ቢሆን፣ ጨረስኩ እስኪል አፍ የሚከፍትበት የለም። ቃሉ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ አይጋፋም፤ የቆረጠው እስኪመልስለት ዝም ብሎ ይጠብቃል።

«አድጌአለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ካልተናገረ ጎሜ፣ መቅሰፍት የሚያመጣ ነውር፣ ይሆንበታል፣ ለልጁም ይተርፋል ይላሉ በእኛ። ከብት እረድ፣ ካሣ ክፈል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን በበትራቸው ወደ ቤቱ ደጃፍ አመለከቱኝ። ቦጋለች እዚያ ተቀምጣለች፤ ሁለት ልጆች ተደግፈዋታል። በድምፅዋ ያሰብኳትን ያህል ትልቅ ሴት አይደለችም፤ ከእኔ ታንሳለች።

«ቃሏ አንተ ዘንድ ነው የቀረው» አሉኝ። «መልስላት።»

ወደ እሷ ዞርኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር። ከአፌ የወጣው የሥራዬ አማርኛ ነው።

«እናቴ፣ ተመልሻለሁ። ስላስቆየሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቀጥሉ።»

አየችኝ። ልጆቹን ቀስ ብላ ከላይዋ አነሣችና ቆመች። ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሳሮ፣ ሳሮ። ቦጋለች ነኝ። እንደምን አደራችሁ? ቤቱ ደህና ናት? ልጁ ደህና ናት? ሬዲዮ የምትሠሩ፣ ሬዲዮ የምትሰሙ፣ ሁላችሁ ደህና ናችሁ?» በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች። «ወንድሜ፣ አንቺ ደህና ነሽ ወይ?»

ጠበቀች። እኔን ነው የምትጠብቀው።

«ደህና ነኝ» አልኩ።

ፊቷን ከእኔ ላይ አነሣችና ወደ ቁልቁለቱ፣ አርባ ምንጭ ወዳለበት፣ ዞረች።

«ማሴቦ፣ ውሃ መጣች። ትልቅ ናት። ድልድዩን በላች። ሬዲዮውን ተወው። ጓደኞችህን ይዘህ ወደ ላይ ውጣ። እኛ ደህና ነን፣ ልጆችን ይዤ ተቀምጫለሁ። ውጣ፣ ማሴቦ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰችና «ጨረስኩ» አለች።

ሰላምታው ተጨምሮ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወጊው ነኝ፤ አልረሳሁም። ቦጋለች ይቅር ብላኛለች። ልጆቿን አርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ሳስገባም እሺ አለች፣ ትልቁ ልጇም በዓል ሲሆን ወደ ቤቴ ይመጣል። እኔን ግን ይቅር መባል ከዚያ ውሃ ዳር አላነሣኝም። ሰው ሲሳሳት ሁሉም ሲስቅ፣ የማንጎውን ዛፍ ነው የምሰማው።

ፕሮግራሙን ላቁም ብዬ ነበር። የደጋው ሽማግሌ ናቸው «አቁመህ የት ትደበቃለህ?» ብለው የመለሱኝ። ስሙን ቀየርነው፣ ሰናይትም ያቺን ቁልፍ ራሷ ነቀለቻት። አሁን ማንም በፈለገው አማርኛ ይደውላል፤ ሲያቅተው በጋሞኛ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ተለውጬ መልአክ ሆንኩ አልላችሁም። «መምህራኖች» ሲሉ አሁንም ጥርሴን ያሳክከኛል፤ ዓሣ ቤቱም አሁንም «ጥብሥ» ነው የሚለው። አንዳንድ የድሮ አድማጮቼም «ምነው ማረሙን ተውክ? አገሩ ሁሉ እንደፈለገ ይናገር?» ብለው ይወቅሱኛል። ጽሑፍ ሲሆን አርማለሁ፤ ማረም ሥራዬ ነው። የሚናገር ሰው ሲሆን ግን አንተም፣ አንቺም፣ ይህን የምታነቡ ሁላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መጀመሪያ ይጨርስ። ምን ሊል እንደመጣ ካወቃችሁ በኋላ፣ ስለ አነጋገሩ ለመጨቅጨቅ ጊዜ ይተርፋችኋል።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ፣ ጋራው ሲጠቁር፣ ቀይዋ መብራት ትበራለች። ሳነሣው አንዳንዴ የሚናገር የለም፤ ነፋስ የመሰለ ነገር ብቻ ይሰማል። ሰናይት መስመር የተሳሳተ ሰው ነው፣ ዝጋው ትለኛለች። ልክ ትሆናለች። እኔ ግን አልዘጋም። ዘፈንም አላስገባም።

«አለሁ» እላለሁ። «ይቀጥሉ።»